ችሎ መኖርና ድኖ መኖር



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ብዙ ቤት ውስጥ ያለ፣ በአደባባይ ግን እምብዛም የማይወራ ነው። ይህ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ባለፉት ዓመታት ምን እንዳሳለፈ ለእናንተ የሚነግራችሁ አያስፈልግም። መስከረም 2011 ዓ.ም. የካማሺ ዞን አመራሮች ከስብሰባ ሲመለሱ መንገድ ላይ ከተገደሉ በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በአንድ ማለዳ ከ100 በላይ ሰው ተገድሏል። በዚያው በጋ ከመተከል የተፈናቀለው ሕዝብ ከ100 ሺህ አልፎ ብዙው የአማራ ክልልን አቅጣጫ ይዞ ቻግኒ ደርሶ ድንኳን ውስጥ ከርሟል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ሰው በኩርሙክ በኩል ጎረፈ፤ ሸርቆሌ፣ ባምባሲና ጾሬ መጠለያዎች ከዚያ በፊትም ለዓመታት ስደተኛ ሲያስተናግዱ የኖሩ ናቸው። ከዚህ ሁሉ ቀድሞ፣ በ1977ቱ ድርቅ ማግስት፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ከሀዲያ ተነሥቶ ፓዊ የሰፈረው ሕዝብ በወባ ልጆቹን ቀብሯል፤ የሰፈራውን መሬት ይጠቀምበት የነበረው የጉሙዝ ሕዝብም ከጫካውና ከአደኑ ተገፍቷል። አንዱ ኀዘን በሌላው ላይ የተደራረበበት አገር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የተቀበለው ግምት በግጭት ውስጥ ካለፈ ሕዝብ መካከል ከአምስት ሰው አንዱ ድባቴ፣ ከባድ ጭንቀት፣ ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣ ሕመም ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ያሳያል። ይህን ቁጥር ከሁለቱም በኩል ማየት ተገቢ ነው። በአንድ በኩል ከአምስቱ አራቱ፣ ያን ሁሉ አይተው፣ ያለ ሐኪም በእግራቸው ቆመዋል። ስለዚህ የመተከልን ወይም የካማሺን ሰው ሁሉ «የአእምሮ ቁስለኛ» እያሉ መጥራት ስሕተት ብቻ ሳይሆን በደልም ነው፤ ቤት የሠራውን፣ ያረሰውን፣ ወላጅ አልባ የሆነ የጎረቤት ልጅ ያሳደገውን ሰው ያሳንሳል። በሌላ በኩል ግን አምስተኛው ሰው አለ። በ100 ሺህ ተፈናቃይ መካከል አምስተኛው ሰው 20 ሺህ ነው። ከእነዚህ መካከል የብዙዎቹ ሕመም ቀላል ቢሆንም፣ በሺዎች የሚቆጠሩት እርሻቸውን፣ ትዳራቸውን፣ አንዳንዴም ሕይወታቸውን የሚያሳጣ ሕመም የያዛቸው ናቸው። ንግግሬ ስለነዚህ ነው።

የምለው አንድ ነገር ነው። ጽናትን ዝምታ አድርገን ይዘነዋል። የተጎዳ ሰው ስናገኝ «ቻለው»፣ «ያለፈ አለፈ»፣ «ሶብር አድርጊ»፣ «ወንድ ልጅ አይደለህም ወይ» እንላለን። በፍቅር እንደምንለው አውቃለሁ። ሰሚው ግን የሚይዘው ትእዛዝ ሌላ ነው፤ ሆድ ይፍጀው የሚል ነው። እኔ የማስረዳው የዚህን ተቃራኒ ነው። እርዳታ መጠየቅ ጽናት ሲያልቅ የሚመጣ ሽንፈት አይደለም፤ ጽናት ራሱ የሚሠራበት አንዱ መንገድ ነው። በዚህ ክልል ደግሞ ያ ጥያቄ መጀመሪያ የሚሰማው በሐኪም ክፍል ሳይሆን በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በጸሎት ቤትና በሽማግሌ ፊት ስለሆነ፣ ሃይማኖቱና ሕክምናው አንዱን ሰው ከሁለት ወገን መጎተታቸውን ትተው አብረው ሊይዙት ይገባል። አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ የሥጋን ብቻ አላሉም።

ለመሆኑ የተለመደውን ኀዘን ከሕመም የሚለየው ምንድን ነው? ያለቀሰ ሁሉ አልታመመም። ልጁን የቀበረ ሰው ለወራት ቢያለቅስ፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ሌሊት በጩኸት ቢነቃ፣ ይህ የሰው ልጅ ወግ ነው፤ አብዛኛውም በጊዜ፣ በዘመድና በሥራ ይረግባል። ሐኪሞች የሚጠነቀቁት ሰውየው ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ለወራት፣ እንቅልፍና ምግብ ሲከለከል፣ ይወደው በነበረው ነገር ሁሉ ደስታ ሲያጣ፣ ማሳው አረም ሲበላው እያየ መነሣት ሲያቅተው፣ ጥፋተኛ ነኝ በሚል ሐሳብ ራሱን ሲበላ፣ ሞትን ሲመኝ ነው። በአገራችን ደግሞ ይህ ሕመም ስሙን ለውጦ ይመጣል። ሰው «ተክዣለሁ» ብሎ ጤና ጣቢያ አይሄድም። «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ጨጓራዬን ያመኛል፣ ሰውነቴ ዝሏል» ይላል፤ የጨጓራ መድኃኒት ወይም የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት ይመለሳል፤ በወሩ እንደገና ይመጣል። የጤና ባለሙያው ከእነዚህ መካከል ድባቴ ያለባቸውን የሚለየው ጥቂቶቹን ብቻ መሆኑን በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠር የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ባለሙያው ስላልፈለገ አይደለም፤ ታካሚውም ስለ ሆዱ እንጂ ስለ ልቡ መናገርን ስላልለመደ፣ ጠያቂም ስለሌለው ነው።

ሕክምናው ምን እንደሆነ ባለማወቅ የሚፈራው ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ መርፌና እስር ቤት የመሰለ ክፍል ይታየዋል፤ ሌላው አንድ የማያውቀው ሰው ቁጭ ብሎ የሚመክረው ይመስለዋል፤ ምክር ደግሞ በዚህ አገር ጠፍቶ አያውቅም። ዛሬ ጥሩ ማስረጃ ያለው የንግግር ሕክምና ከሁለቱም የተለየ ነው። ሰውየው ያስጨነቁትን ነገሮች አንድ በአንድ አውጥቶ ይቆጥራል፤ ከእነሱ መካከል ዛሬ ሊነካው የሚችለውን አንዱን ይመርጣል፤ ለሳምንት ምን እንደሚሞክር ራሱ ይወስናል፤ ሲመለስ የሆነውን ይናገራል። ከሰው የራቀ ሰው ቀስ በቀስ ወደ ገበያው፣ ወደ ለቅሶው፣ ወደ ቡናው እንዲመለስ ይታገዛል። ሰውነት በድንጋጤ ሲያዝ እንዴት በትንፋሽ እንደሚረጋጋ ይማራል። ከበድ ሲል መድኃኒት ይጨመራል። የሚፈጀው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሳምንታት እንጂ ዓመታት አይደለም። ዚምባብዌ ውስጥ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ሀራሬ ውስጥ ምባሬ በሚባል ሰፈር ይህን ሲጀምር ሌላ ሐኪም አልነበረውም፤ አያቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ከ10 ዓመት በኋላ ውጤቱ በዕጣ በተከፋፈሉ ቡድኖች ሲመዘን፣ አያቶቹ ያነጋገሯቸው ሰዎች ምልክታቸው ከሌሎቹ በእጅጉ ቀንሶ ተገኘ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሰሜን ዩጋንዳ፣ ራይኖ በሚባለው መጠለያ የተደረገው ነው። ወደ 700 የሚጠጉ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች ተሳትፈውበታል፤ ግማሾቹ በቋንቋቸው በተቀዳ ድምፅና ሐኪም ባልሆኑ አስተባባሪዎች እየተረዱ ለአምስት ጊዜ በቡድን ተገናኙ። ከሦስት ወር በኋላ ጭንቀታቸው ከሌሎቹ ሴቶች ይልቅ ቀንሶ ታየ። እነዚያ ሴቶች ያለፉበት መንገድ ዛሬ ኩርሙክ ላይ ከሚወርዱት ሴቶች መንገድ ብዙ የራቀ አይደለም።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ ልግባ። ብዙ አማኝ፣ በዚህ አዳራሽም እንደሚኖር እገምታለሁ፣ «እምነት ያለው ሰው ሐኪም ፊት ቀርቦ ስለ ልቡ መናገር ለምን ያስፈልገዋል? ጸሎት አይበቃምን?» ይላል። ይህ ጥያቄ ክብር ይገባዋል፤ የሚጠይቁት ሰዎች በብዙ መከራ ውስጥ እምነታቸው ብቻ ይዟቸው የወጣ ናቸውና። ሰፈሩ ሲቃጠል ምንም ሳይቀርለት ጸሎቱን ብቻ ይዞ ለሸሸ ሰው ጸሎት ምን እንደሆነ ማንም ከእሱ የበለጠ አያውቅም። የጥያቄው መልስ ግን ከሐኪም ሳይሆን ከቅዱሳት መጻሕፍት ይምጣ። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ከታላቁ ድል ማግስት ኤልዛቤል ልትገድለው እንደምትፈልግ ሲሰማ ሸሸ። አገልጋዩን ቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን በረሃ ገባ፤ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ነፍሱን እንዲወስድለት ለመነ። በዘመናችን አንድ ሰው በዚህ ሁኔታ ቢገኝ ሕመሙን ለመለየት የሥነ አእምሮ ሐኪም ብዙ አይቸገርም። እግዚአብሔር ምን አደረገለት? አልገሠጸውም፤ እምነት የለህም አላለውም። መልአኩ ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በልቶ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛ ተቀሰቀሰ፣ ሁለተኛ በላ። ከዚያ በኋላ ነው ጉዞው። ኮሬብ ሲደርስም ከመመሪያው በፊት ጥያቄ መጣለት፤ ኤልያስም ብሶቱን ሁሉ ተናገረ። ነፋሱ፣ መናወጡና እሳቱ ካለፉ በኋላ ያው ጥያቄ ተደገመ፤ ኤልያስም ያንኑ ብሶት ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመው፤ ተሰማለትም። በመጨረሻ ብቻህን አይደለህም ተባለ፤ ኤልሳዕም ተሰጠው። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ደጋግሞ የሚሰማ ጆሮ፣ የሚሠራ ሥራና አብሮ የሚሄድ ሰው። ይህን ታሪክ በየዓመቱ የሚሰብክ ሰባኪ ከመቅደሱ ደጅ ተቀምጣ መሞት እመኛለሁ የምትለውን እናት እምነትሽ ደክሞ ነው ሊላት አይችልም።

በእስልምናም ቢሆን የሚባለው አንድ ነው። ነቢዩ ያዕቆብ ለልጁ ለዩሱፍ ካዘነው ኀዘን የተነሣ ዓይኖቹ ነጡ። ልጆቹ እስኪታክታቸው ድረስ አዘነ። ሆኖም ቁርኣን የሚያነሣው የመልካም ትዕግሥት ምሳሌ አድርጎ ነው፤ ሶብር ማለት ልብን ማድረቅ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አላውቅም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለው አስተምረው ሕክምናን እንድንፈልግ ማዘዛቸው በሐዲስ የታወቀ ነው። ሊቃውንቱም ይህን ለሥጋ ብቻ አልያዙትም። አቡ ዘይድ አል በልኺ የሚባለው ሊቅ፣ ከዛሬ 1100 ዓመት ገደማ በፊት፣ ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ ጤንነት በጻፈው መጽሐፉ ኀዘንን በሁለት ከፍሎታል፤ አንዱ ምክንያቱ የታወቀ፣ ሌላው ምክንያቱ የማይታወቅና ከሰውነት የሚነሣ። ለመጀመሪያው ንግግርንና ሐሳብን ማስተካከልን፣ ለሁለተኛው የሰውነት ሕክምናን አዝዟል። ሰው በሰላሙ ጊዜ ጤነኛ ሐሳቦችን ማጠራቀም እንዳለበትም መክሯል፤ ለመከራው ቀን እንዲደርሱለት። ዛሬ በየሥልጠናው የመቋቋም አቅም ግንባታ የሚባለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ሙስሊሙ የበርታ ሽማግሌ አሶሳ ውስጥ የንግግር ሕክምና ሲባል የውጭ ነገር መጣ ብሎ መጨነቅ የለበትም፤ የራሱ ሊቃውንት የሠሩበት መስክ ነው።

ሃይማኖትና መድኃኒት ሲጋጩ ሰው እንደሚሞት ኢትዮጵያ አይታለች። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት በጀመረባቸው ዓመታት እንጦጦ ማርያም ጠበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን፣ እምነት ማጉደል ይሆናል ብለው፣ መድኃኒቱን ይተዉ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ስለሆኑ አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ ተናገሩ። ያ ቃል ከአንድ የጤና ቢሮ ደብዳቤ ይልቅ ብዙ ሰው ጋ ደረሰ። በአእምሮ ሕመም ላይ ግን እንዲህ ያለ፣ ሁሉም የሰማው ቃል እስካሁን የለንም። በየቤቱና በየጠበሉ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች አሉ፤ ያሰሯቸው ጨካኝ ስለሆኑ ሳይሆን ሌላ ሲያጡ ነው። ቡታጅራ ላይ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ተጠይቆ በተጀመረው ታላቅ ጥናት፣ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል አብዛኞቹ አንድም ቀን ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ለ10 ዓመት ሲከታተሏቸው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ከሌላው ሕዝብ ወደ 30 ዓመት ቀድመው ይሞቱ ነበር፤ ከሞቱት ግማሽ ያህሉ የሞቱት ሊታከም በሚችል ተላላፊ በሽታ ነው። የገደላቸው የአእምሮ ሕመሙ ብቻ አልነበረም፤ ሰው እንደ ሰው ቆጥሮ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዳቸው ማጣታቸው ነው። አሶሳ ላይ በወባ የተያዘ ሰው መድኃኒት ሲውጥ እምነቱን የሚጠይቀው የለም፤ ያው ሰው ለአእምሮው ሲውጥ ለምን ይጠየቃል?

ይህን ስል የሃይማኖት አባቶች ሥራቸውን ለሐኪም ያስረክቡ ማለቴ አይደለም። ለሐኪም የማይቻሉ ነገሮች አሏቸው። የንስሐ አባት ቤተሰቡን በሦስት ትውልድ ያውቃል፤ የሚነገረውን ምሥጢር ሳያወጣ ይጠብቃል። ኢማሙ በቀን አምስት ጊዜ ሰፈሩን ያያል፤ ማን ከሶላት እንደቀረ ያስተውላል። ፓስተሩ በየቤቱ ይዞራል። ሰው «ፈጣሪ ለምን ተወኝ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልሱት እነሱ ናቸው፤ ከበኩጂው ግድያ በኋላ ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥያቄው ከእንቅልፍ ማጣቱ አይተናነስም። የምጠይቃቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ሕመምን ኃጢአት አድርገው እንዳይፈርዱበት፣ እና መሞት እፈልጋለሁ ያለን፣ ድምፅ የሚሰማን፣ ምግብ የተወን ሰው ጸልየውለት በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩት። ጤና ጣቢያውም በበኩሉ ጠበሉን ወይም በቁርኣን የሚደረገውን ሩቅያ ተው ብሎ እንዳይሰድበው። የተሰደበ ሰው አይመለስም፤ መድኃኒቱንም ጥሎት ይሄዳል።

ሌላው ተቃውሞ «ለዚህ የራሳችን ባህል አለን» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ባህሉም የሚናቅ አይደለም። በመተከል ምድር የጉሙዝ ሕዝብ ከጎረቤቶቹ ጋር ወዳጅነት ያሰረበት ሚቹ የሚባል ሥርዓት ነበር፤ ደም ሲፈስስ ደግሞ ማንገማን የመሰለ የዕርቅ ሥርዓት አለ። ፀጋ እንዳለው የተባለው የታሪክ ተመራማሪ በነዚህ ላይ የሠራቸው ጥናቶች ሕዝቦቹ መጋጨትን ብቻ ሳይሆን ተቻችሎ መኖርንም ለረጅም ዘመን እንደሚያውቁ ያሳያሉ። የሦስቱ ቀን ለቅሶ፣ ሰደቃው፣ አርባው፣ እድሩ፣ የጎረቤት ቡና፤ እነዚህ ሁሉ ሰውን ከብቸኝነት የሚያወጡ ናቸው፤ ከአምስቱ አራቱን በእግራቸው ያቆሙት ባመዛኙ እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ግን ባህል የሚሠራው ጎረቤት ሲኖር ነው። በመተከልና በካማሺ የተሰበረው ደግሞ ጎረቤትነት ራሱ ነው። ቡና አብሮት የሚጠጣው ሰው ቤቱን ያቃጠለበት ሰው፣ ወይም አቃጥሏል ብሎ የሚጠረጥረው ከሆነ፣ ቡናው ምን ይሁንለት? ለቅሶ አስከሬን ይፈልጋል። ዘመዱ ጫካ ገብቶ ያልተመለሰለት፣ ሞቷል ብሎ ቁርጡን ማወቅ ያልቻለ ሰው ለየትኛው ሦስት ቀን ይቀመጣል? ቁርጡ ያልታወቀ ኀዘን አርባ የለውም፤ ዓመት ሙሉ ደጅ ደጁን እያየ ይኖራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተደፈረች ሴት አለች። ጉዳቷ በእድር አይነገርም፤ ሽማግሌ ፊት አይቀርብም፤ ለዕርቅ የሚቆጠር ደም የለውም፤ ከተነገረ እሷኑ የሚያስነውር ይመስላታል። ለሷ ማኅበረሰቡ ሁሉ የሚሰማበት መድረክ መድኃኒት ሳይሆን አደጋ ነው። አንድ በር የሚዘጋ ክፍል፣ ምሥጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው፣ የምትናገርበት የራሷ ቋንቋ ነው የሚያስፈልጋት። ባህላችን ይህን አልሠራልንም፤ ይህን መናገር ባህልን መስደብ አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ ግን የሚከተለው ነው፤ «ሰው ተርቦ፣ መሬቱን ተነጥቆ፣ ነገ ይገድሉኛል እያለ ምን ምክር ይሠራለታል? መጀመሪያ ሰላምና ዳቦ።» የዚህን ግማሽ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። በአደጋ ውስጥ ያለን ሰው ትንፋሽህን አረጋጋ ብሎ ማሰናበት በደልን ማስለመድ ነው፤ ተጠያቂው ያልተጠየቀበትን ወንጀል በተጎጂው ነርቭ ላይ ማላከክ ነው። የክልሉ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. ከጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ጋር አሶሳ ላይ የፈረመው የሰላም ስምምነት ለአእምሮ ጤና ከማንኛውም ክሊኒክ ቀድሞ የሚቆጠር ነው። ሆኖም «ቀድሞ» ማለት «በቂ» ማለት አይደለም። ሰላም የተፈረመለት ሰው ወደ ቀበሌው ሲመለስ ዘር ይሰጠዋል፤ ድባቴ የያዘው ሰው ግን ዘሩን አይዘራውም። ይህ ስንፍና እየተባለ በየኮሚቴው ይወቀሳል። ቡታጅራ ላይ በእናቶች የተደረገ ክትትል ደግሞ በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ጭንቀታቸው ያልለቀቃቸው እናቶች ሕፃናት ተቅማጥ ይበዛባቸው እንደነበር አሳይቷል። ዳቦውም በታመመች እናት እጅ ነው ልጁ አፍ የሚደርሰው፤ ስለዚህ ዳቦን ከሕክምና በፊት አስቀምጦ ሁለተኛውን መርሳት የመጀመሪያውንም ማባከን ነው። ዕርቁም ቢሆን ያው ነው። ሌሊት ሌሊት የግድያውን ማለዳ እንደገና የሚኖር ሰው ለሽማግሌዎች ሲል እጅ ይጨብጣል፤ ልቡ ግን ገና ከዚያ አልወጣም።

«ቁስል መነካካት ነው፤ ተዉት ይርሳው» የሚሉም አሉ። በከፊል ልክ ናቸው። ከአደጋ በኋላ ወዲያው ሰውን ሁሉ ሰብስቦ የሆነውን አንድ ጊዜ ተርክ ማለት እንደማይጠቅም፣ አንዳንዱንም እንደሚጎዳ ጥናቶች ስላሳዩ የዓለም ጤና ድርጅት አይመክረውም። የተፈናቀለን ሰው ለሪፖርት ሲባል በየሳምንቱ ታሪኩን ማስተረክም ከዚህ አይሻልም። ሕክምና ግን ማስገደድ አይደለም። መናገር የፈለገ በፈለገው ጊዜ፣ የፈለገውን ያህል፣ ካመነው ሰው ጋር ይናገራል፤ ያልፈለገ ስለ እንቅልፉና ስለ ነገው ሥራው ብቻ ይነጋገራል፤ እሱም ይረዳዋል።

«ማን ይሠራዋል?» የሚለው ይቀራል። በኢጣልያ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ክልሉን ደግሞ ዓባይ ለሁለት ይከፍለዋል። አገራችን የሥነ አእምሮ ሐኪም ራሷ ማሠልጠን የጀመረችው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሐኪም እስኪበቃን ከጠበቅን የዛሬዎቹ ሕሙማን ያልቃሉ። ደግነቱ መጠበቅ አያስፈልግም። በጉራጌ ምድር የተደረገና በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በአቅራቢያቸው ጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ሲከታተሉ፣ ከሆስፒታል የሥነ አእምሮ ነርስ ክትትል ያነሰ ውጤት እንዳላገኙ አረጋግጧል። እዚያው በሶዶ ወረዳ 10ኛ ክፍል የጨረሱ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ለዓመት ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች ሥራ የመሥራትና ከሰው ጋር የመኖር አቅማቸው ተሻሽሏል። ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይህ ዕድል ብቻ አይደለም፤ ግዴታ ነው፤ ምክንያቱ ቋንቋ ነው። የጉሙዝ ሴት በደረሰባት ነገር ላይ በአማርኛ፣ ያውም በአጎቷ ልጅ አስተርጓሚነት አትናገርም። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ተናጋሪዎች ከየቀበሌያቸው ተመርጠው፣ በተለይም ሴቶች፣ ካልሠለጠኑ፣ ከአዲስ አበባ የሚላክ ሐኪም ቢበዛ እንኳ ጆሮ እንጂ ሰሚ አይሆንም።

አሶሳ ዩኒቨርሲቲና የክልሉ ጤና ቢሮ ሥልጠናውን አብረው ቢይዙት፣ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቱ፣ ሀገረ ስብከቱና የወንጌል አማኞች ኅብረት ደግሞ እያንዳንዳቸው ከየደጃቸው ሰው ቢልኩ፣ ሥራው ከአንድ ወረዳ መጀመር ይችላል። ባምባሲ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ተፈናቃይ፣ ስደተኛና ነባር ነዋሪ አንድ ገበያ የሚገናኙበት ስለሆነ። የሠለጠኑት ብቻቸውን እንዳይተዉ የሥነ አእምሮ ነርስ በየወሩ እየሄደ ከባድ የሆነባቸውን አብሯቸው ይመልከት። ሰው ሰምቶ ሰምቶ የሚደክም ነውና፣ እነሱም የሚሰማቸው ይፈልጋሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር እንዳይረሳ አደራ እላለሁ። መድኃኒቱ መኖር አለበት። ፍሉኦክሰቲን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ክሎርፕሮማዚን ውድ መድኃኒቶች አይደሉም፤ ግን በየጤና ጣቢያው ለሳምንት ተገኝተው ለሦስት ወር ይጠፋሉ። ኢማሙ ወይም ቄሱ በምእመኑ ፊት ክብሩን አስይዞ «ሂድ፣ ታከም» ብሎ የላከው ሰው መድኃኒት የለም ተብሎ ከተመለሰ፣ የሚቀጥለውን ሰው አይልከውም። ስለዚህ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት የጤና ቢሮው የአንድ ዓመት መድኃኒት ቆጥሮ ይግዛ፣ ለየጤና ጣቢያው ያድርስ፣ ማለቁንም በየወሩ ይከታተል።